ጋሽ ለምንሥራ እና ትልቁ መጋዝ

በዓለም ላይ ሱቅ እስካለ ድረስ በየሱቁ ደጃፍ አንድ የማይገዛ ሰው ይቀመጣል። ባለሱቁ አልቀጠረውም፣ ገዢው አልጠራውም፤ ግን ያለ እሱ ፈቃድ አንዲት ሚስማር ከሱቁ አትወጣም። ጫማ ቤት ደጃፍ ላይ ከሆነ እግራችሁን አይቶ ራሱን ይነቀንቃል። መድኃኒት ቤት ደጃፍ ላይ ከሆነ ሐኪም የጻፈላችሁን ወረቀት ከእጃችሁ ተቀብሎ ያነባል፤ አንብቦም ይተክዛል። ይህን ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም የሚል ካለ፣ እሱ ገና ከቤቱ አልወጣም ማለት ነው።

የእኔ ዕጣ የወደቀው ከመሣሪያ መሸጫው ሱቅ ደጃፍ ነው። እዚያ ክቡርነታቸው ጋሽ ለምንሥራ ይቀመጣሉ።

እናታቸው ያወጡላቸውን ስም እኛ ሰፈር የሚያውቅ የለም። ይህኛውን ስም ያወጣላቸው የገዛ አፋቸው ነው። ሰው ገና አንድ እግሩን ወደ ሱቁ ሲያስገባ፣ እሳቸው ከበርጩማቸው ሳይነሡ፣ ከሚስሉት ሰንሰለት ላይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣ «ለምን ሥራ?» ይላሉ። ሰላምታቸውም፣ የአየር ሁኔታ ወሬያቸውም ይኸው ነው።

ሙያቸው የሞተር መጋዝ መጠገን ነው። ከሱቁ ግድግዳ ጋር በተለጠፈች፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ሰው በምትይዝ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ይሠራሉ፤ ክፍሏ ስለምትሞቅ ግን ቀኑን ሙሉ በር ላይ ናቸው። ሱቁ የሚሸጠውን መጋዝ የሚጠግን ሌላ ሰው በአካባቢው ስለሌለ ባለሱቁ ሊያባርራቸው አይችልም። የትኛው መጋዝ በስንተኛው ወር እያለቀሰ እንደሚመለስ ስለሚያውቁ ደግሞ እሳቸው ዝም ሊሉ አይችሉም። የባለሱቁ ኑሮ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተጣበቀ ነው።

አንድ ቀን አንዲት አስተማሪ መጣች። የጓሮዋ ዛፍ ጣሪያዋን እየፋቀ እንቅልፍ ነስቷታል።

«ለምን ሥራ?»

«አንድ ቅርንጫፍ ልቆርጥ ነው።»

«ውፍረቱ?»

ክንዷን አሳየቻቸው።

«ዛፉ ይህን ቅርንጫፍ በዓመት ስንት ጊዜ ያወጣል?»

«አንዴ ካወጣው ስንት ዓመቱ!»

«እንግዲያው በስንት ዓመት አንዴ ለምትቆርጪው ክንድ ሞተር ምን ያደርግልሻል?»

አስተማሪዋ ቦርሳዋ ውስጥ የምትገባ የእጅ መጋዝ ይዛ እያመሰገነች ሄደች። ባለሱቁ ከመደርደሪያው ጀርባ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ቀረ።

ሌላ ቀን ደግሞ የመኪና ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ አንድ ጌታ መጣ። ሰንሰለቱ የሚሮጥበትን ረጅም ብረት ጋሽ ለምንሥራ «ምላስ» ይሉታል። ጌታው የፈለገው በሱቁ ውስጥ ካሉት ሁሉ ምላሱ የረዘመውን ነው።

«ለምን ሥራ?»

«ጎረቤቴ የገዛው ይህን ያህላል። እኔ ከዚያ የሚበልጥ እፈልጋለሁ።»

«ዛፍ አለህ?»

«ዛፍ እንኳ የለኝም።»

«በል እንግዲህ፣ ጎረቤትህን ልትቆርጥ ነዋ!»

ጌታው ቁልፉን ማሽከርከር ትቶ ወደ መኪናው ተመለሰ። ባለሱቁ እየሮጠ ወጣ።

«ጋሼ፣ በፈጠረዎት! ሱቁን ይዝጉና ቁልፉን ይውሰዱት፤ ይለይልኝ!»

«አተረፍኩህ እኮ። በወሩ ተበላሸ ብሎ ፊትህ ላይ ይወረውረው ነበር።»

«ይወርውረው! የሚጠግኑት እርስዎ አይደሉ? ለእርስዎም ገበያ ነው!»

«እኔ በሰው ሞኝነት አላድርም» አሉና ሞረዳቸውን አነሡ።

ሰውየው ትምህርት ቤት ቢከፍቱ ትምህርቱ ከአንድ ገጽ አይበልጥም ነበር። መጋዝ እንደ ጫማ ነው፤ ትልቅ ስለሆነ አይሻልም። ምላሱ ከሚቆረጠው ግንድ በአንድ መዳፍ ይለፍ፤ ከዚያ በላይ ያለው ለጉራ ነው። አጠገቡ መብራት ያለው ሰው ቤንዚን ማሽተት ምን አመጣበት? ለአንድ ቀን እንግዳ ቤት አይሠራም፤ ይከራዩለታል። ደግሞ ገንዘብ ካነሰ ከሞተሩ ይቀነሳል እንጂ ከሱሪው አይቀነስም። ሱሪ የሚሉት ውስጡ በክር የታጨቀውን ወፍራም ሱሪ ነው፤ ሰንሰለቱ ድንገት ጭን ላይ ቢያርፍ ክሩ ተጠምጥሞ ያንቀዋል። ይህችን የሱሪ ነገር ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ሰባኪ ዝቅ ይላል።

እኔ ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት። ስለዚህ አስተማሪ ሲበዛብኝ አልወድም። ከሳቸው ጋር የተጋጨነውም ለዚህ ይመስለኛል።

የምንኖረው እንጨት በመሸጥ ነው። ሰፈሩ ዳር ላይ አንድ ግቢ አለን፤ ግንድ እንገዛለን፣ ከርክመን ለዳቦ ቤቶችና ለጡብ ማቃጠያ እናቀርባለን፤ የሰው ግቢ ገብተንም ዛፍ እንመለምላለን። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ መጋዙን የያዘው ባሌ ነው። እኔ እፈልጣለሁ፣ እከምራለሁ፣ ከገዢ ጋር እጨቃጨቃለሁ። መጋዙ በሱቁ ውስጥ ካለው ሁሉ ትልቁ ነበር፤ ሲነሣ የሰፈሩ ውሾች ሁሉ ይጮኹ ነበር። ባሌ ከእኔ ይልቅ እሱን በጨርቅ ይጠርግ ነበር ብል አልዋሸሁም።

ከዚያ የባሌ ጣቶች በብርዳማ ጠዋት እየነጡ መጡ። ቀጥሎ ይነዝሩት ጀመር። ኋላ ላይ የሸሚዙን ቁልፍ በዓይኑ ካላየ በጣቱ ማግኘት አቃተው። ሐኪሙ የሞተሩ ንዝረት ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ መጋዝ እንዳትነካ አለው። በዚያው ሰሞን የመጋዙም ሞተር ተሰነጠቀ። ባሌና መጋዙ ተያይዘው ጡረታ ወጡ።

እንዲህ ባዶ እጃችንን በተቀመጥንበት ነው የክሊኒኩ ሥራ የመጣው። ነፋስ ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ሦስት ያረጁ ዛፎችን ጥሎ መተላለፊያውን ዘግቶታል፤ በሽተኛ በአጥር ዞሮ ይገባል። የክሊኒኩ ኃላፊ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምትሰቅል ሴት፣ ጠርታ እንዲህ አለችኝ፦

«በሁለት ሳምንት ካጸዳሽልኝ እንጨቱ ያንቺ ነው፤ በየዓመቱም የግቢውን ዛፍ የምትመለምሉት እናንተ ናችሁ። ካልቻልሽ ደግሞ ባለ ክሬን ድርጅት አነጋግሬያለሁ። እንዳትቀየሚኝ።»

«ኧረ አልቀየምም» አልኳት። በሆዴ ግን ይህ ሥራ ከሄደ የግቢያችንን በር እንደምዘጋው አውቄ ነበር። መጋዝ የሚይዘው ደግሞ ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። እኔው ነኝ።

ያለኝ ቁጠባ አንድ ትልቅ መጋዝ ይገዛል፤ አንድም ሳንቲም አይተርፍም። የባሌን ዓይነት ልገዛ ቆርጬ ሄድኩ።

«ለምን ሥራ?»

«ለእንጨት ነዋ፣ ጋሼ! ለሽንኩርት መሰሎት?»

«የምን እንጨት? የትኛው ውፍረት? የት ቦታ? ማን ነው የሚይዛት?»

«እኔ።»

ከሰንሰለቱ ቀና አሉ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ የዓይናቸውን ቀለም ያየሁት ያን ዕለት ነው። ተነሥተው ባልዲ አመጡ፤ ስምንት ሊትር ውሃ እየለኩ ሞሉበት።

«ያዢ። ከሰውነትሽ አራቅ አድርገሽ። ስልሳ እስክቆጥር።»

መንገደኛው ቆሞ ያያል። እልህ ያዘኝና ያዝኩት። እሳቸውም ሆን ብለው እንደ ሽማግሌ ምራቅ እየዋጡ ይቆጥራሉ። አርባ ላይ ክንዴ ተንቀጠቀጠ፤ ውሃው ጫማዬ ውስጥ ገባ።

«አቆጣጠሮት ነው የገደለኝ!»

«ትልቋም ስምንት ኪሎ ናት፣ እቱ። ውሃ ግን አይጮህም፣ አይነዝርም፣ ጫፉን ሲነኩት አይራገጥም። ይሄን ነው ከጠዋት እስከ ማታ የምትይዢው?»

እርጥብ ጫማዬ እንደ እንቁራሪት እየጮኸ ወደ ቤቴ ሄድኩ። አመለጥኳቸው ብዬ ነበር። በማግስቱ ሳይጠሩ ጠመኔና ሜትር ይዘው ግቢያችን ከች አሉ። ባሌ ጥላው ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ በእጅ ሳይሆን በአገጭ ሰላም ተባባሉ። ክቡርነታቸው ክምሩን እየዞሩ እያንዳንዱን ግንድ ለኩ፤ መካከለኛ መጋዝ የሚቆርጠውን ሁሉ በጠመኔ ምልክት አደረጉበት። ሲጨርሱ ግቢው በሙሉ ነጭ ነጠብጣብ ሆነ። ምልክት ያላረፈባቸው ስድስት ግንዶች ነበሩ።

«ለእነዚህ ለስድስቱ ነው ትልቋን የምትገዢው?»

«የክሊኒኩስ?»

«ከዚያ ነው የመጣሁት። ወፍራም የሆነው የሦስቱ ዛፎች ግርጌ ብቻ ነው። ሌላው ቅርንጫፍ ነው።»

ከዚያ ፈረዱ። ለግቢዬ በገመድ የምትሠራዋ የኤሌክትሪክ መጋዝ ትበቃለች፤ ርካሽ ናት፣ መብራት አለሽ። ለክሊኒኩ መካከለኛዋን የቤንዚን ውሰጂ። በተረፈው ሱሪ፣ የራስ ቆብ ከነፊት መከለያው፣ ሁለት ትርፍ ሰንሰለት። ለሦስቱ ግርጌ ትልቋን ለሁለት ቀን ተከራዪ።

«ጋሼ፣ በዚህ ሰፈር መጋዝ የሚያከራይ ሰው የት አለ?»

«እሱን ለእኔ ተዪው።»

ወንድ ልጅ «ለእኔ ተዪው» ሲል ምን ማለት እንደሆነ የማውቅበት ያህል በትዳር ኖሬያለሁ።

ሐሙስ ዕለት ጥርሳቸውን አሟቸው ሐኪም ቤት ሄዱ የሚል ወሬ ሰማሁ። ገንዘቤን በመሐረቤ ቋጥሬ በረርኩ። በርጩማው ባዶ ነው። ባለሱቁ ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«ለምን...» ብሎ ሲጀምር ደንግጬ ዘለልኩ።

«...ለምን አትቀመጪም ልልሽ ነው» አለኝ።

ትልቁን መጋዝ ገዛሁ። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ሕፃን እንደሰረቀ ሰው በጓሮ መንገድ ወደ ቤቴ አስገባሁት።

ለምን እንዳደረግኩት እውነቱን ልናገር። ስምንት ኪሎውን ረስቼ አይደለም። ባሌ ትልቅ መጋዝ የሚይዝ ሰው ነበር፤ ግቢያችን ትንሽ መጋዝ ከገባ ቤታችን ያነሰ፣ እሱም ያነሰ መሰለኝ። የሰው ዓይን ፈራሁ። ባሌ ብርድ ልብሱን ስገልጠው አየው። እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከተታቸውና «እህቷ ናት» አለ።

ክሊኒኩ ውስጥ ሦስት ቀን ከመጋዙ ጋር ታገልኩ። አንድ ቅርንጫፍ ቆርጬ ሁለት ጊዜ ዐርፋለሁ። ሰንሰለቱ አፈር ነክቶ ደነዘ፤ ስለታም ሰንሰለት እንደ ሩዝ ፍሬ ያለ ሰጋቱራ ይተፋል፣ የእኔው ግን ዱቄት ይፈጭ ጀመር። በሦስተኛው ቀን የምላሱ ጫፍ ከኋላ ያለውን ቅርንጫፍ ነካ። መጋዙ እንደ በቅሎ ተራገጠ። በግንባሬ አጠገብ አልፎ የሻሼን ጫፍ ይዞ ሄደ። ተራ ሲጠብቁ የነበሩ በሽተኞች ሁሉ ከአግዳሚያቸው ተነሡ፤ አንዲት ሴትዮ «እኔስ ተሻለኝ፣ ለእሷ ተራዬን ስጧት» አለች።

ግንዱ ላይ ተቀመጥኩ። የካፖርቴን ቁልፍ ልቆልፍ ብዬ በጣቴ ፈለግኩት፤ አጣሁት። ደግሜ ፈለግኩት። በዓይኔ አየሁት እንጂ በጣቴ አላገኘሁትም።

ያኔ ፈራሁ። ከአሥራ አራቱ ቀን ስድስቱ አልቀዋል፤ የቆረጥኩት የአንዱን ዛፍ ግማሽ ቅርንጫፍ ነው፤ ገንዘቡ የለም፤ በቤታችን የቀሩት ደህና እጆች ደግሞ እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

መጋዙን በጋሪ እየገፋሁ ወደ ሱቁ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ መልስ አዘጋጀሁ። «አላልኩሽም?» እንደሚሉ ታውቆኛል፤ እኔም የምመልሰው ነበረኝ፣ ጨዋ አፍ የማይናገረው።

በርጩማቸው ላይ ናቸው፤ ጉንጫቸው አሁንም አብጧል። ጋሪውን አዩ። የተቀደደውን ሻሼን አዩ። ሞረዳቸውን አስቀመጡ።

«እጅሽን አሳዪኝ።»

ዘረጋሁላቸው። በጥፍራቸው የጣቶቼን ጫፍ አንድ በአንድ ይጫኑ ጀመር።

«ይሰማሻል?»

«ይሰማኛል።»

«ይሄስ?»

«እሱ... ትንሽ።»

«ይሄኛው?»

«ይሰማኛል።»

አሥሩንም ጨረሱ። «ተመስገን» አሉ፤ እጄን ግን አለቀቁትም። «አሳርፈሽ ካስቀመጥሻቸው ይመለሳሉ። በባልሽ ጊዜ ግን አልጠየቅኩም።»

«ምኑን ነው ያልጠየቁት?»

«ያን መጋዝ የሸጥኩለት እኔ ነኝ። የሱቁ ባለቤት ያኔ የዚህ ልጅ አባት ነበር፤ እኔ ሻጭ ነበርኩ። ባልሽ ጎረምሳ ነው፤ ትልቁን አለኝ። ትልቁን ሰጠሁት። ጎበዝ ብዬ ትከሻውን ሁሉ መታሁት። ለምን ሥራ አላልኩትም።» እጄን ገልብጠው አዩት። «ኋላ ጥገና ስጀምር በየዓመቱ ይዞልኝ ይመጣል። በየዓመቱ ሲጨብጠኝ እጁ ይበልጥ ይቀዘቅዛል።»

ያዘጋጀሁት መልስ አፌ ውስጥ ቀረ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ ይሄ ሰውዬ ሥራ ስለፈታ ነው የሚጠይቀው እያልኩ ሳማ ኖሬያለሁ።

ተነሥተው ወደ ሱቁ ገቡ፤ እኔም ጋሪዬን እየገፋሁ ተከተልኩ። ባለሱቁ ነገሩ ገብቶታል፤ ግድግዳው ላይ ወዳለው ጽሑፍ በጣቱ አመለከተ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል።

«ይሄን ማን ጻፈው?» አሉት።

«እርስዎ ነዎት! አባቴ አዝዞዎት በቀይ ቀለም የጻፉት እርስዎ!»

«የጻፈ ሰው መሰረዝ ይችላል።»

«ጋሼ፣ ይሄ አፈር የበላ መጋዝ ነው! ለማን ልሸጠው?»

«አትሸጠውም። ታከራየዋለህ። በዓመት ሁለት ቀን ለማይሞላ ሥራ ትልቅ መጋዝ ፈልጎ መጥቶ ያባረርኩብህ ሰው ስንት እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አላውቅም ብለው ነው? አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ! ሌሊት ሌሊት እየመጡ ይሰናበቱኛል!»

«ጥሩ። ሁሉም ተከራዮችህ ናቸው። የመጀመሪያዋም ይቺው እዚህ ቆማለች።»

የባለሱቁ ዓይን ወደ ጣሪያው ሄዶ ጥቂት ቆየ። ያባረሩበት ሁሉ በሰልፍ ሲመለሱ እያየ ይመስለኛል።

«ሰንሰለቱንስ ማን ይስለዋል?»

«እኔ።»

«በነፃ?»

«በነፃ።»

«የእሷ ሁለት ቀንም ነፃ ነው እንዳይሉኝ ብቻ...»

«እሱን እንኳ አልረሳሁትም» አሉ ክቡርነታቸው።

መካከለኛዋን፣ የኤሌክትሪኳን፣ ሁለት ትርፍ ሰንሰለትና ቆቡን በጋሪዬ ይዤ ወጣሁ። ሱሪውም አለ። የወንድ ስለሆነ ወገቤ ላይ በገመድ አሠርኩት። መስታወት ፊት ስቆም የእህል ጆንያ እመስል ነበር። ባሌ አይቶኝ «ማን ነሽ?» አለ።

ሁለት ቀን እጄን አሳረፍኩ፤ ከዚያ ሥራው ሮጠ። መካከለኛዋ መጋዝ ከገበያ ዘንቢል አትከብድም። ባሌም እቤት አልቀመጥም ብሎ ተከተለኝና ከበሽተኞቹ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። እጁ ቢደክምም ጆሮው እንዳለ ነው፤ ሰንሰለቱ ገና ሊደነዝ ሲል፣ እኔ ሳላውቅ፣ ከዚያው ሆኖ «ቀይሪያት!» ይለኛል። አንድም ቀን አልተሳሳተም።

ለሦስቱ ወፍራም ግርጌ ጋሽ ለምንሥራ ራሳቸው ትልቁን መጋዝ ተሸክመው መጡ። እሳቸውም ሱሪ ለብሰዋል፤ የእሳቸው ደግሞ አጥሯቸዋል። ትንሽ ይቆርጣሉ፣ ብዙ ያርፋሉ። ባሌ ሽብልቁ የት እንደሚገባ ያሳያል፤ እኔ በመዶሻ እመታለሁ።

«ወደ ግራ ይሁን፣ ጋሼ!»

«ለምን ሥራ?»

«ግንዱ ምላሱን ነክሶ እንዳይዝብዎ ነዋ!»

«ለአንተ ሽብልቅ ያስተማረህ ማን ሆነና?»

«እርስዎማ መሸጥ ብቻ ነው ያስተማሩኝ!»

አልኩኝ በልቤ፣ አለቀልን። እሳቸው ግን መጋዙን አጥፍተው አዩት። ባሌ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አልሰማሁትም፤ ትከሻው ሁሉ ይስቅ ነበር። እሳቸውም ባበጠ ጉንጫቸው እያማቸው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ የቀረ ያለም አይመስለኝም።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ኃላፊዋ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ግቢውን ዞረች። አንዲት ጭራሮ እንኳ አጥታ ተመለሰች። «ዓመቱን እናንተ ናችሁ» አለችኝ።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ክቡርነታቸው ታረሙ እንዳትሉ። ወንበር ልገዛ ብል «ለምን ሥራ?» ነው። ስልክ ልቀይር ብል «ለምን ሥራ?» ነው። የእህቴ ልጅ ለጓደኛዋ ሰርግ ባለ ተረከዝ ጫማ ገዝታ ስታልፍ ያዟት።

«ለምን ሥራ?»

«ለማማር!»

ጥቂት አሰቡ። «እሺ፣ እሱም ሥራ ነው» ብለው ለቀቋት።

ባለፈው ወር ሳል ይዟቸው ሳምንት ሙሉ ተኙ። በሦስተኛው ቀን የሰንሰለት ዘይት ልገዛ ብሄድ ባለሱቁን ደጃፉ ላይ ቆሞ ባዶውን በርጩማ ሲያይ አገኘሁት።

«ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ያሻውን እየገዛ ዝም ብሎ ይሄዳል» አለኝ፣ ሐዘን እንደገባበት ሰው።

«ታዲያ ደስ አይልህም?»

«ምን ደስ ይለኛል! ዝም ብሎ የሄደ ሁሉ እኮ እየጮኸ ነው የሚመለሰው።»

እግሬን ላሳርፍ በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩ። ወዲያው አንዲት ወጣት ሴት መጣችና በመስኮቱ ወደ ውስጥ እያየች «ያ ረጅሙ ስንት ነው?» አለች። አፌ እኔን ሳያስፈቅድ ተከፈተ።

«ለምን ሥራ ነው፣ እህቴ?»

«ኧረ በሕግ አምላክ!» ሲል ሰማሁት ባለሱቁን ከኋላዬ። «አንዱ መቼ አነሰኝ!»

ድምፁ ግን የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ከዚያ ብርቱካን ይዤ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ትራሳቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። በኩራት ነገርኳቸው።

«ምን ልትቆርጥ ኖሯል?»

«የአጥር ቁጥቋጦ።»

«መብራት አላት?»

«አላት። ትንሿን የኤሌክትሪኳን አስገዛኋት።»

በቀስታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እድሜዬን ሙሉ በትምህርቴ ተመስግኜ ስለማላውቅ ደስታው ፊቴን አሞቀው። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

«ሱሪውንስ?»

ብርቱካኑ ከእጄ ወደቀ። ሱሪውን ረስቼዋለሁ።

ብርድ ልብሱን ገፈፉት። «ጫማዬን አምጪልኝ!»

«ጋሼ፣ በሞቴ ይተኙ፣ እኔ እሄዳለሁ!»

«ዛሬውኑ!»

«ዛሬውኑ!»

እናም በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ ከባለሱቁ የተቀበልኩትን ወፍራም ሱሪ በክንዴ አንጠልጥዬ፣ ስሟን የማላውቃትን ሴት ፍለጋ ቁጥቋጦ ያለበትን አጥር ሁሉ እያንኳኳሁ ዞርኩ። በዘጠነኛው በር አገኘኋት። ሱሪውን ስሰጣት የጣቶቼ ጫፎች፣ አሥሩም፣ የጨርቁን ሻካራነት አንድ በአንድ ነገሩኝ።

እሳቸውን አመሰግናለሁ ብያቸው አላውቅም። ስንት ጊዜ ልል አስቤ ትቼዋለሁ፤ «ምስጋናው ለምን ሥራ ነው?» ማለታቸው አይቀርማ።